መጽሐፉ ሲዘጋ የሚጀመር ክለሳ

ፈተና ሲቃረብ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብተር ሦስት ቦታ ይከፈላል። አንዱ የግራመር ነው፤ ቴንሶች ከነቀመራቸው ተደርድረውበታል። ሁለተኛው የዘይቤ ነው፤ ሲሚሊ ይህ ነው፣ ሜታፎር ያ ነው ይላል። ሦስተኛው በክፍል የተነበበው ልብ ወለድ ሾርት ኖት ነው፤ የገጸ ባሕርያት ስም፣ መቼት፣ ጭብጥ። ተማሪው ሦስቱን ተራ በተራ ያነባል፣ ያሰምርባቸዋል፣ እንደገና ያነባል። አሜሪካ ያለው ልጅ መምህሩ ያደለውን የክለሳ ወረቀት ይይዛል፤ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለው ደግሞ ለሚኒስትሪ የተዘጋጀ የጥያቄና መልስ መጽሐፍ። የሚያደርጉት ግን አንድ ነው። ቤተሰቡም ልጁን አንገቱን ደፍቶ ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ ታናናሾቹ ዝም በሉ ይባላሉ። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ከዚህ ድካም አብዛኛው ባክኖ ይቀራል ብዬ ነው። አንደኛው ጥፋት ክለሳን ደግሞ ከማንበብ ጋር አንድ ማድረግ ነው። ሁለተኛውና ብዙም የማይነገርለት ግን ሦስቱን ነገሮች መለያየት ነው። ግራመሩም ዘይቤውም የሚኖሩት ታሪኩ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ነቅሎ አውጥቶ የሸመደዳቸው ተማሪ ፈተናው አዲስ ጽሑፍ ሲሰጠው አያውቃቸውም።

ከመጀመሪያው ጥፋት እንነሣ፤ ማስረጃው ከሁሉም የጠነከረው እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። ተማሪዎቹ አንደኛውን ጽሑፍ ሁለተኛ ጊዜ አነበቡት። በሌላኛው ጽሑፍ ጊዜ ግን ወረቀቱ ተወሰደባቸውና የሚያስታውሱትን ሁሉ በባዶ ገጽ ላይ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና የደገሙት ጽሑፍ በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሁለት ቀን በኋላ የተፈተኑት ላይ ውጤቱ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 54 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ወረቀቱ ከተወሰደባቸው 68 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ 42 ለ56 ሆነ። ከእነዚህ ቁጥሮች መካከል ለወላጅና ለመምህር ከሁሉ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ጥንድ ይመስለኛል። ደግሞ ማንበብ ይህን ያህል አድናቂ ያፈራው ለአምስት ደቂቃ በትክክል ስለሚሠራ ነው። ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ወዲያው ሲጠየቅ ይመልሳል፤ «ገባኝ» ብሎም ይነሣል። በሳምንቱ ፈተና ላይ ሲጠፋበት ጥፋቱን የሚጥለው በራሱ ጭንቅላት ላይ እንጂ በአጠናኑ ላይ አይደለም።

እነዚያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሌላ ነው የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሮዲገርም ራሱ ስለጠየቀው ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሙከራውን ይዞ ኢሊኖይ ውስጥ ወደሚገኝ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወረደ። በስድስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርትና በስምንተኛ ክፍል ሳይንስ መምህራኑ እንደወትሮው እያስተማሩ፣ ከትምህርቱ ከፊሉ ላይ ብቻ አጫጭር ጥያቄዎች በተለያየ ቀን እንዲጠየቁ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡት ውጤቶች እንዳሳዩት ልጆቹ በተርም መጨረሻ ፈተና ላይ የተሻለ የሠሩት አስቀድመው በተጠየቁበት ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የተለመዱ የአጠናን ዘዴዎችን ከነማስረጃቸው ሲመዝኑ፣ ራስን መፈተንና ጥናትን በተለያዩ ቀናት መበተን ከላይ ተቀመጡ፤ ማስመርና ደግሞ ማንበብ ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ጋር ተመደቡ። በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው ባለቀለም ማድመቂያ ብዕር ገጽ ያሳምራል፤ ለማስታወስ ግን ያለው ድርሻ ትንሽ ነው።

እስከዚህ ያለው ለባዮሎጂም ለታሪክም ይሠራል። እንግሊዝኛን የሚለየው ነገር እንዲታይ አንድ እውነተኛ መጽሐፍ መያዝ ይሻላል። በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሰባተኛ ክፍል ላይ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዋተር» የተሰኘው አጭር ልብ ወለድ ይነበባል። ደራሲዋ ሊንዳ ሱ ፓርክ ናት፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። መጽሐፉ ሁለት ታሪኮችን እያፈራረቀ ይተርካል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1985 የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከትምህርት ቤቱ ያፈናቀለው የአሥራ አንድ ዓመቱ ሳልቫ ታሪክ ሲሆን፣ በእውነተኛው ሳልቫ ዱት ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 ውኃ ለመቅዳት ቀኑን ሙሉ የምትመላለሰው የኒያ ታሪክ ነው፤ ኒያ ልብ ወለድ ናት። መጽሐፉን የመረጥሁት ለአማርኛ አንባቢ ባዳ ስላልሆነ ነው። ሳልቫ በእግሩ ተጉዞ የደረሰው ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ ነው። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ስደተኞቹ ከዚያ ተባረሩ፤ ሳልቫም በጥይትና በአዞ መካከል የተሻገረው የጊሎን ወንዝ ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለች ኢትዮጵያዊት እናት ልጇ ስለሚያነበው ነገር ከመምህሩ በላይ ልታውቅ ትችላለች ማለት ነው። ሌላም አለ። ታሪኩ ሲጀምር ሳልቫ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዓረብኛ እየተማረ ነው፤ ቤቱ የሚነገረው ዲንካ ነው። እቤት በአንድ ቋንቋ እየኖሩ ትምህርት ቤት በሌላ መማር ምን እንደሚመስል ለእኛ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ግራመሩን ከዚህ መጽሐፍ እንከልስ። ተማሪው መጽሐፉን ይዘጋና አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል፦ ያን ቀን ሳልቫ ትምህርት ቤት ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በእንግሊዝኛ ሲመልስ ያለ ሦስተኛው ኮንዲሽናል መውጫ የለውም፤ «ኢፍ» ብሎ ጀምሮ «ሃድ» ማለት፣ ቀጥሎ «ዉድ ሃቭ» ማለት ግድ ይሆንበታል። ቀመሩን ሸምድዶት ከነበረ ለምን እንደተፈጠረ የሚረዳው እዚህ ነው፤ ያልሆነውን ነገር እንደሆነ አድርጎ ማሰብ የሚያስፈልገው ልጅ ስላገኘን ነው። ፓስት ፐርፌክትም እንዲሁ ይመጣል። ኢታንግ ላይ ሳልቫ ብርቱካናማ ሻሽ ያሰረች ረጅም ሴት አይቶ እናቱ መስላው ይከተላታል፤ እናቱ አልነበረችም። ይህን በአምስት ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ተማሪ ካየው ነገር በፊት የሆነውን ከዚያ በኋላ ከሆነው መለየት አለበት፤ «ሃድ» የሚሠራው ሥራ እሱ ነው። መንደሩን ማን እንዳጠቃው በውል ሳይታወቅ መጠቃቱን ለመናገር ፓሲቭ ያስፈልጋል። አጎቱ በበረሃ የተናገረውን ለሌላ ሰው ለማድረስ ሪፖርትድ ስፒች ያስፈልጋል። መምህሩ አራት የግራመር ርዕሶችን አንድም ጊዜ በስማቸው ሳይጠራ ከለሰ፤ ተማሪውም የትኛውን ቅርጽ መቼ እንደሚያወጣ ራሱ ወሰነ። የፈተና ችግር ሁልጊዜ ያለው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው። አሥር የፓሲቭ ጥያቄ በተከታታይ የሚሠራ ልጅ ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ማሰብ ያቆማል፤ መልሱ ፓሲቭ መሆኑን አርዕስቱ ነግሮታልና።

ይህን የማደባለቅ ነገር ዳግ ሮረርና ባልደረቦቹ በፍሎሪዳ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ፈትነውታል፤ ትምህርቱ ሒሳብ ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ከሠሩትና የተለያዩትን አደባልቀው ከሠሩት፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ ሳይጠበቅ በመጣ ፈተና የተደባለቀው 74 በመቶ ሲያስገኝ፣ የተነጣጠለው 42 ብቻ አስገኘ። ሒሳብ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ግራመር አላመጣውም። ምክንያቱ ግን ያው ነው፤ ጥያቄው የትኛውን መሣሪያ እንደሚፈልግ መለየት ራሱ መለማመድ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሚያነሡትም ብዙ ጊዜ ጥሩ መምህራን ናቸው። የእንግሊዝኛ ሕግ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ በጆሮው አልገባም ይላሉ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ «ዘ»ን ከስሙ ጋር አጣብቆ «ልጁ» ይላል፤ «ኤ»ን ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይፈልግም። ግሱ ለሁሉም መደብ ራሱን ስለሚለዋውጥ፣ ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ»ና ለ«ኢት» ብቻ የምትጨመረዋ «ኤስ» ለልጁ የማትረባ ጌጥ ትመስለዋለች። እንዲህ ያለውን ሕግ በግልጽ ካልነገሩት በታሪክ ብቻ አያገኘውም ይላሉ። እውነት አላቸው። ጆን ኖሪስና ሉርዴስ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ2000 የሁለተኛ ቋንቋ ትምህርት ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሕጉ በግልጽ የተነገራቸው ተማሪዎች ካልተነገራቸው በልጠው ተገኝተዋል። በሌላ በኩል ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን በ2007 ባወጡት ግምገማ፣ ግራመርን ለብቻው ማስተማር የታዳጊዎችን ጽሑፍ አላሻሻለም፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ወደ ረጅም ማጣመር ግን በግልጽ አሻሽሏል። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩትን ሲያይ፣ ሁለተኛው በአብዛኛው ቋንቋው አፋቸውን የፈቱበት ልጆች የጻፉትን መዘነ፤ የለኩትም አንድ ነገር አልነበረም። ለእኛ የሚቀረው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ሕጉ በመጀመሪያ ቀን በሰሌዳ ላይ ይነገር፣ በአማርኛም ቢሆን ይብራራ። ክለሳ ግን ሁለተኛው ቀን ነው፤ በሁለተኛው ቀን ሕጉን መልሶ መንገር የመጀመሪያውን ቀን መድገም ብቻ ይሆናል።

ወደ ዘይቤ ስንመጣ ብክነቱ ሌላ መልክ አለው። ልጁ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት እየተባለ ተምሯል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ መምህሩ ሲገቡ ያው ዕውቀት ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ሃይፐርቦል፣ አይረኒ በሚሉ ስሞች እንደ አዲስ ባዕድ ነገር ይሰጠዋል፤ እሱም እንደ አዲስ ይሸመድደዋል። ማንም ሁለቱን አገናኝቶ አላሳየውም። ውጭ አገር ያደገው ልጅ የአማርኛ ክፍል ባይኖረውም አያቱ በስልክ ሲያወሩ ተረትና ምሳሌ ሳይጥሉ አንድ ነገር ጨርሰው አያውቁም፤ ጥሬ ዕቃው እቤት አለ። የመጀመሪያው የዘይቤ ክለሳ እንግዲህ ዝርዝሩን ማንበብ ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ስም ከአማርኛ አንድ ምሳሌ ከራስ ማውጣት ቢሆን ግማሹ ሥራ ያለቀ ያህል ነው።

ቀሪው ግማሽ ግን ስም ከመስጠት በላይ ነው። ብዙ ተማሪ «ላይክ» የሚለውን ቃል ባየ ቁጥር ሲሚሊ ብሎ ያሰምራል፤ ሳልቫ ወተት ይወዳል የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይቀር። ስሙን ያውቃል፣ ነገሩን አያውቅም። ነገሩን የሚያሳውቀው መለወጥ ነው። «ልጁ ሰዎቹን እንደ ጥላ ተከተላቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር እንሥራ፤ ከዚያ ጥላውን አንሥተን «እንደ ቡችላ ተከተላቸው» እንበል። ሁለቱም ተነጻጻሪ ናቸው፣ በፈተና ሁለቱም ሲሚሊ ተብለው አንድ ነጥብ ያስገኛሉ። ግን በመጀመሪያው ማንም ልብ የማይለው፣ ድምፅ የሌለው ልጅ አለ፤ በሁለተኛው ደግሞ እንዲወዱት የሚፈልግ፣ ሊያባርሩትም የሚችሉት ልጅ። ተማሪው ይህን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻለ ዘይቤ ገብቶታል፤ ካልቻለ ሃያ ስም ቢያውቅም አልገባውም። በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የሚሰፋ ነገር አለ። በረሃው ላይ ሳልቫ መራመድ ሲያቅተው አጎቱ ፊት ለፊት ያለውን ቁጥቋጦ ያሳየውና እዚያ ድረስ ብቻ እንዲሄድ ይነግረዋል፤ ከዚያ ደግሞ እስከ ድንጋዮቹ። ይህ ዘይቤ አይደለም፤ ቁጥቋጦው ቁጥቋጦ ነው። ዓመታት አልፈው፣ አጎቱም ሞቶ፣ ሳልቫ ሕይወቱን አንድ አንድ ቀን እያለ በዚያው መንገድ ለመግፋት ያንን ምክር ሲያስታውስ ግን ቁጥቋጦው ቀን ሆኗል። ተለዋጭ ዘይቤ በታሪክ ሂደት እንዴት እንደሚወለድ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ትምህርት በክለሳ ወረቀት ላይ አይገኝም። የውኃውን ነገር ብናነሣማ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይበቃም። ውኃ በበረሃው ጥማት ይገድላል፣ በጊሎ ሙላት ይገድላል፣ የኒያን ታናሽ እህት ቆሽሾ ያሳምማል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳልቫንና ኒያን ያገናኛል። አንድ ነገር ስንት ሥራ እንደሚሠራ መጽሐፉን ዘግቶ መቁጠር ራሱ ክለሳ ነው።

ልብ ወለዱን ስለመከለስ ብዙ አልልም፤ ከላይ የተባለው በአብዛኛው እሱ ነውና። አንድ ነገር ብቻ፦ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ማጠቃለያ ተማሪውን «ምን ሆነ» ለሚል ጥያቄ እንጂ «ለምን እንዲህ ተተረከ» ለሚል አያዘጋጀውም። ደራሲዋ ሃያ ሦስት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ልጆችን ለምን አፈራረቀች? ሳልቫ ዲንካ ነው፣ ኒያ ኑዌር ናት፣ ሁለቱ ጎሣዎች ለረጅም ጊዜ ሲዋጉ የኖሩ ናቸው፤ የሳልቫን አጎት የገደሉትም ኑዌሮች ናቸው። ይህን ከራሱ አውጥቶ ያስቀመጠ ተማሪ የመጨረሻው ምዕራፍ ሁለቱን ለምን በውኃ እንዳገናኘ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። ማጠቃለያውን የሸመደደው ግን «ጭብጡ ጽናት ነው» ብሎ ያቆማል። ትክክል ነው፤ ምንም አላለም እንጂ።

ግራመርን፣ ዘይቤንና ታሪክን ማዋሐድ የፈረንጅ ፋሽን ለሚመስለው ሰው ቅርብ ያለ ማስረጃ አለ። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ግስ ይማራል፣ አገባብ ይማራል፤ ይህ ግራመር ነው፣ ያውም ከማንኛውም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የከበደ። ያን ሰዋስው ግን ለብቻው ተፈትኖበት አያልፍም። ከሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቅኔ መቁጠር አለበት፤ ሰሙና ወርቁም ሆነ የሚነካው የመጽሐፍ ታሪክ በዚያው በሁለቱ ስንኞች ውስጥ ይገኛሉ። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን አገባብና የሳተውን ምሥጢር በአንድ ጊዜ ያርማሉ። ቋንቋው ግዕዝ ነው፤ ለተማሪው አፍ የፈታበት አይደለም፤ እንግሊዝኛም እንደዚያው። የቤተ ክህነት ትምህርት ሽምደዳ ነው የሚል የቆየ ወቀሳ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለንባብ ቤቱና ለቃል ትምህርቱ በከፊል ይሠራል። ለቅኔ ቤት ግን አይሠራም፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የሚያቀርብ ተማሪ እዚያ ቦታ የለውም።

አሁን ፈተናው ይምጣ። በኢትዮጵያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና በምርጫ ነው፤ ክፍት ቦታ ሙሉ፣ ትክክለኛውን ፊደል አጥቁር ይላል። በታሪክ ውስጥ መዋኘቱ ጊዜ ያጠፋል፣ ካለፉት ዓመታት ጥያቄ መሥራት ይሻላል የሚለው ተቃውሞ ከወላጅም ከአስጠኚም ይመጣል። ያለፉ ፈተናዎችን መሥራት ጥሩ ነው፤ ራስን መፈተን ነውና ከዚህ ምዕራፍ ጋር አይጣላም። የሚጣላው አሠራሩ ነው። ብዙ ተማሪ ጥያቄውን አንብቦ ወዲያው መልሱን ከኋላ ገጽ ያያል፤ «አዎ፣ ሲ ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ደግሞ ማንበብ በሌላ ስም ነው። ምርጫዎቹን በእጁ ሸፍኖ መልሱን መጀመሪያ ከራሱ ያውጣ፤ ከዚያ ይግለጥ፤ ከዚያም የቀሩት ሦስቱ ስሕተት የሆኑበትን ምክንያት ይናገር። ሌላው መታሰብ ያለበት ፈተናው በዚያ ቀን እንደማያበቃ ነው። በአገራችን ሥርዓት ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ በአንዳንድ ቦታ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ። ዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ፓሲቩን ከምርጫ ጋር አያቀርብለትም፤ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነው የሚጠብቀው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ መጽሐፍ የለንም የሚለው ነው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ በሚውልበት ትምህርት ቤት፣ ስለ አሜሪካ ልብ ወለድ ማውራት ላም አለኝ በሰማይ ሊመስል ይችላል። መልሱ ከፊጂ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው በሆነ የገጠር ትምህርት ቤቶች ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍሎች ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል የታሪክ መጻሕፍት ሰጡ። ሌሎች ክፍሎች በተለመደው የዓረፍተ ነገር ድግግሞሽ ቀጠሉ። ከስምንት ወር በኋላ መጻሕፍቱን ያገኙት ልጆች በንባብ ከሌሎቹ በእጥፍ ፍጥነት ተሻሻሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ጥቅሙ ወደ ግራመርና ወደ መጻፍ ተሻገረ። ሀብታም ትምህርት ቤቶች አልነበሩም። ሁለት መቶ ሃምሳ መጽሐፍ ለማይገኝበት ክፍል ደግሞ በመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ በየምዕራፉ ያለው ፓሴጅ አለ። ብዙውን ጊዜ ለጥያቄዎቹ ተብሎ ብቻ ተነብቦ ይጣላል እንጂ፣ አንድ ገጽ ተኩል ታሪክ ለአንድ ሳምንት ክለሳ ይበቃል። ሰኞ ይነበባል፤ ረቡዕ መጽሐፉ ተዘግቶ ስልሳውም በየደብተራቸው ይጽፉታል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ይለዋወጡና ማን ምን እንደረሳ ይፈላለጋሉ። መምህሩ ስልሳ ደብተር ማረም አይጠበቅበትም፤ በሰሌዳው ላይ ከተደጋገሙት ስሕተቶች ሦስቱን ብቻ ቢያነሣ ይበቃል።

ደካማው ተማሪስ? ባዶ ገጽ ፊት ተቀምጦ ምንም ባያወጣ ተስፋ አይቆርጥም ወይ? ይቆርጣል፣ ብቻውን ከተተወ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትረካ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ታሪኩን ያስታወሰ ልጅ እንግሊዝኛውን የሚሰቅልበት ነገር ያገኛል። እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጅም ሥራ የሚያገኙት እዚህ ነው። መጽሐፉን ማንበብ አይጠበቅባቸውም። ልጁ ሲተርክ «ከዚያስ?» ማለት፣ «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ፣ «ባይሄድስ ኖሮ?» ማለት በቂ ነው፤ ሦስተኛዋ ጥያቄ ከላይ ያየነው ኮንዲሽናል ናት። ሞክሮ መሳሳቱም ኪሳራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጡ የኔት ኮርኔልና የባልደረቦቹ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ መልሱን ለማውጣት ሞክሮ የሳተ ሰው ትክክለኛው ወዲያው ከተነገረው፣ ጨርሶ ካልሞከረው ይልቅ ኋላ ያስታውሰዋል። ቁም ነገሩ ወዲያው መነገሩ ላይ ነው፤ ያልታረመ ስሕተት ይለመዳል።

ጊዜውን በተመለከተ ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1,350 በላይ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሁለት ክለሳዎች መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት ፈተናው እስኪደርስ ባለው ጊዜ ይወሰናል። ፈተናው በሳምንት ውስጥ ከሆነ አንድ ቀን ማሳለፍ ይበቃል፤ ከሁለት ወር በላይ ከቀረው ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ማሳለፉ ይሻላል። ስለዚህ በጥቅምት የተነበበ ምዕራፍ በኅዳር አጋማሽ ሳይታሰብ መጠየቅ አለበት፤ ተማሪው «ይህን እኮ ጨርሰናል» ብሎ ቢያጉረመርምም። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ነው። ከራሱ ያወጣውን በሰማያዊ ይጽፋል፤ መጽሐፉን ከከፈተ በኋላ የረሳውንና ያበላሸውን በቀይ ያስገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄ የሚወጣው ከቀዩ ብቻ ነው፤ ሰማያዊው ይለፍ።